ጅቦ እንግዳ ሆኖ ሲመጣ፦ ከልጆች ጋር የሦስት ደቂቃ ፊልም አሠራር

ክረምት ሲመጣ ልጆች ቤት ይውላሉ። ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ይወርዳል፣ ግቢው ጭቃ ይሆናል፣ ልጆቹም ስልክ ላይ ተጥደው የሰው ቪዲዮ ሲያገላብጡ ይመሻል። ያንኑ ስልክ ለሌላ ሥራ እናውለው። አንድ ስልክ፣ አንድ ጋቢ፣ አሮጌ ካርቶን፣ መቀስና ሁለት ቀን ካላችሁ ከልጆቻችሁ ጋር ፊልም መሥራት ትችላላችሁ።

ከመጀመራችን በፊት ግን አንድ ነገር ላይ እንስማማ። ፊልሙ የልጆቹ ነው። እኛ አዋቂዎች "እንዲህ በል፣ እዚህ ቁም፣ አሁን ሳቅ" ማለት ስንጀምር ልጁ መጫወቱን ያቆማል። በወላጆች በዓል ላይ ግጥም ሊያነብ እንደወጣ ተማሪ ተገትሮ ይቀራል። የእኛ ድርሻ ሰዓት መጠበቅ፣ ባትሪ መሙላት፣ ማንም እንዳይጎዳ ማየትና ጠብ ሲነሳ መዳኘት ነው። ታሪኩን፣ ንግግሩንና ቀልዱን ለእነሱ እንተውላቸው።

ርዝመቱ ሦስት ደቂቃ ይብቃው። ያነሰ እንደሆነ አትጨነቁ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ከሲኒማ ጀማሪዎች የሚቆጠሩት የሉሚየር ወንድማማቾች ፓሪስ ውስጥ ለተመልካች ያሳዩዋቸው አሥር ፊልሞች እያንዳንዳቸው አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞሉም ነበር። ከአሥሩ በአንዱ ላይ የሚታየው ኦጉስት ሉሚየር ከባለቤቱ ጋር ሕፃን ልጃቸውን ሲያበሉ ነው፤ የቀረጸው ወንድሙ ሉዊ ነው። ይህንን ለልጆቹ ንገሯቸው። ሲኒማ ሲጀመር ጀምሮ የቤተሰብ ነገር እንደነበረበት ማወቃቸው ያበረታታቸዋል።

ታሪኩን ከምሳሌያዊ አነጋገር ውሰዱ

ልጆችን "ስለ ምን እንሥራ?" ብላችሁ ብትጠይቁ አንዱ ዞምቢ ይላል፣ አንዷ ልዕልት፣ ሌላው የመኪና እሽቅድድም። ክርክሩ ብቻ ግማሽ ቀን ይበላል። እኔ የምመክረው ከአባቶች ምሳሌያዊ አነጋገር አንዱን መምረጥ ነው። ብዙዎቹ ያለቀላቸው አጭር ታሪኮች ናቸው። ባለታሪኩ አለ፣ ቦታው አለ፣ የሚያስቀው ነገርም አለ። የቀረው መተወን ብቻ ነው።

ለዚህ መመሪያ የመረጥኩት "ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ" የሚለውን ነው። ምን እንደሚሆን አስቡት። ጅብ ማንም በማያውቀው አገር በእንግድነት ይገባል። ጨዋ ይመስላል። አልጋ ሲሰጡት እምቢ ብሎ ቁርበት ይነጠፍልኝ ይላል። ቤተሰቡ "እንዴት ያለ ትሑት እንግዳ ነው!" እያለ ያነጥፍለታል። ሌሊት መብራት ሲጠፋ እንግዳው የተኛበትን መብላት ይጀምራል። አንድ ቤት፣ ሦስት ወይም አራት ተዋናይ፣ አንድ ሌሊት። በቃ።

ከተማ ያደገ ልጅ ቁርበት አይቶ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ አያት ወይም ሌላ ትልቅ ሰው ቁጭ ብለው ያጫውቷቸው። ቁርበት ምን እንደሆነ፣ ድሮ እንዴት ይተኛበት እንደነበር፣ ጅብ ለምን እንደሚወደው ይስሙ። አያት አጠገባችሁ ከሌሉ በቴሌግራም በድምፅ መልእክት ይላኩላችሁ። ሜሪላንድ ወይም ቴል አቪቭ ለሚኖሩ ቤተሰቦች ይህ በጣም የሚያምር መንገድ ነው። እማማ ከጎንደር ወይም ከደብረ ብርሃን "ተረት ተረት" ብለው ይጀምራሉ፤ ልጆቹ "የላም በረት" ብለው ከሳሎናቸው ይመልሳሉ። ያ የድምፅ መልእክት ራሱ የፊልሙ ተራኪ ይሆናል። አማርኛ እየሰሙ ለመመለስ የሚያፍሩ ልጆች እንኳ ታሪኩን በሰውነታቸው መተወን ይችላሉ።

ሌሎችም አሉ። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ለሁለት ልጆች ይበቃል፤ የሚያስፈልገው አንድ ሰፌድ ሽምብራ ነው። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ደግሞ ለትንንሾቹ ነው፤ ወደ እሱ በኋላ እመጣለሁ።

ሚና ማከፋፈል

ሁሉም ጅብ መሆን ይፈልጋል። ይህ የማይቀር ነው። ዕጣ ማውጣት አንዱ መንገድ ነው፤ ግን የተሸነፈው ልጅ አኩርፎ ጥግ ከያዘ ቀረጻው ቆመ ማለት ነው። የተሻለ ዘዴ አለ። ጅቡን በልብስ ለዩት። ጋቢውን የተከናነበና የካርቶን ጆሮ ያደረገ ሁሉ ጅብ ነው። በር ሲያንኳኳ አንዱ ልጅ ይሁን፣ ራት ሲበላ ሌላዋ ትሁን፣ ሌሊት ሲያኝክ ሦስተኛው ይሁን። ተመልካቹ አይደናገርም፤ ጋቢውን አይቶ ጅብነቱን ያውቃል። እንዲያውም በየትዕይንቱ ቁመቱ የሚለዋወጥ ጅብ በጣም ያስቃል።

ከካሜራው ጀርባ ያለው ሥራም ክብር ይሰጠው። ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው ካሜራ ይያዝ። አንዷ ዳይሬክተር ትሁን፤ "ዝግጁ? ቀረጻ! ከት!" የምትለው እሷ ብቻ ናት። አንዱ የድምፅ ኃላፊ ይሁን። የአምስት ዓመት ልጅ ካለ የትዕይንቱ ቁጥር የተጻፈበትን ወረቀት ካሜራው ፊት አሳይቶ አንዴ ያጨብጭብ። ጭብጨባው ለጌጥ አይደለም። በኋላ ድምፅና ምስል ለማገጣጠም ይረዳል። የጎረቤት ልጆች ከተጨመሩ ደግሞ አስቀድማችሁ እናት አባታቸውን አስፈቅዱ። "ልጃችሁን እየቀረጽን ነው፣ የምናሳየውም ለእነ እገሌ ነው" ብሎ በግልጽ መናገር በኋላ ከሚመጣ ቅያሜ ያድናል።

ንግግር አታስሸምድዱ

ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስክሪፕት ይጽፍና ልጆቹ በቃላቸው እንዲይዙ ያደርጋል። ከዚያ ልጁ ዓይኑን ጣሪያ ላይ ሰክቶ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ሲፈልግ ይታያል።

በዚያ ፈንታ ትዕይንቱ ውስጥ ምን እንደሚሆን ብቻ ንገሩት። "ጅቦ መሽቶበታል። ማደሪያ ይፈልጋል። ማንነቱ እንዳይታወቅበት ይፈራል። አንቺ ደግሞ የቤቱ እመቤት ነሽ፤ እንግዳ ትወጃለሽ።" ይኸው ነው። ከዚያ ሁለት ሦስት ጊዜ ያለ ካሜራ ይጫወቱት። የሚያምረው ንግግር ያን ጊዜ ራሱ ይመጣል።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። የሰባት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ጅቦን ሆና በሩን አንኳኳች። "የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ" አለች። ይህንን ከአያቷ ሰምታለች። ወንድሟ እንደ ደንቡ "ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግባ" አላት። አልጋውን ሲያሳያት ግን ማንም ያላስተማራትን ነገር ተናገረች። ድምፅዋን አወፍራ "አልጋ ወገቤን ያመኛል። ቁርበት አንጥፉልኝ። ግን ያልታጠበ ይሁን" አለች። "ለምን?" ሲላት ትንሽ አሰበችና "ሲታጠብ ጣዕሙ ይሄዳል… ማለቴ፣ ሙቀቱ ይሄዳል" ብላ አረመች። ቁጭ ብዬ ብጽፍ እንዲህ ያለ ነገር አይመጣልኝም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲወጣ ቶሎ ማስታወሻ ያዙ። በቀረጻው ጊዜ "ያንን ስለ ጣዕሙ ያልሽውን ድገሚው" ማለት ይቻላል። የራሷ ቃል ስለሆነ አትረሳውም።

ትዕይንቶቹን በሥዕል አውጡ

ወረቀት ላይ ስምንት ሣጥኖች ሥሩ። በየሣጥኑ ልጆቹ የሚታየውን ይሣሉ። እንጨት የመሰሉ ሰዎች ይበቃሉ። ለጅቦው ፊልም እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

1. ከሩቅ፦ ጅቦ ጋቢ ተከናንቦ ግቢውን ያቋርጣል።
2. ከቅርብ፦ እጁ በሩን ያንኳኳል።
3. መካከለኛ፦ በሩ ይከፈታል፤ ሰላምታ፣ ማደሪያ መለመን።
4. ከሩቅ፦ ቤተሰቡ ከጅቦ ጋር መሶብ ዙሪያ። ጅቦ ክትፎ ሲያይ ምራቁን ይውጣል።
5. መካከለኛ፦ አልጋ አይሆንም፣ ቁርበት ይሁን የሚለው ንግግር።
6. ጨለማ፦ ጅቦ ቁርበቱ ላይ ተኝቷል። አንድ ዓይኑን ይከፍታል።
7. ቁርበቱ ቀስ በቀስ ያንሳል። የማኘክ ድምፅ።
8. ጠዋት፦ ቤተሰቡ ይመጣል። ጅቦ ሆዱ ተነፍቶ ባዶ መሬት ላይ ተኝቷል።

ሩቅ፣ መካከለኛ፣ ቅርብ የሚባሉትን ሦስቱን ልጆቹ ይወቋቸው። ሩቅ የት እንዳለን ይነግረናል። መካከለኛ ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ ያሳያል። ቅርብ ሰውዬው ምን እያሰበ እንደሆነ ይገልጣል። ፊልም የሚባለው ነገር ግማሹ ይኸው ነው። ሁሉንም ነገር ከአንድ ቦታ ቆሞ የቀረጸ ሰው የሠርግ ቪዲዮ ነው የሚያገኘው።

ቀረጻውን በታሪኩ ቅደም ተከተል አድርጉት። ባለሙያዎች ቦታ እየመረጡ ዘለው ይቀርጻሉ። ልጆች ግን ከመጨረሻው ከጀመራችሁ የት እንዳሉ ይጠፋባቸዋል።

አልባሳትና ቁሳቁስ

አትግዙ። የጅቦ ጆሮ ከካርቶን ይቆረጥና በፀጉር ማስያዣ ላይ ይሰፋል ወይም ይለጠፋል። ጆሮው ክብ ይሁን፤ ሹል ካደረጋችሁት ቀበሮ ይመስላል። ጋቢው ለጅቦ፣ ነጠላው ለእመቤቲቱ፣ የአባት ኮት ለአባወራው። ለተነፋው ሆድ ትራስ።

ቁርበቱን ከሰፊ ቡናማ ካርቶን ቁረጡ። አራቱ እግሮች በአራቱ ማዕዘን ይውጡ። ጠርዙን በከሰል አጥቁሩት። ሁለት አንድ ዓይነት ቁርበት ይኑራችሁ። አንዱ በሰባተኛው ትዕይንት እየተቆረጠ ስለሚያልቅ አንድ ነገር ቢበላሽ መጠባበቂያ ያስፈልጋል።

ብርሃን

ለብርሃን የሚወጣ ገንዘብ የለም። መስኮት አለ። ዋናው ደንብ አንድ ነው፤ ፊት ወደ መስኮቱ፣ የካሜራው ጀርባ ወደ መስኮቱ። ልጁ ጀርባውን ለመስኮቱ ከሰጠ ፊቱ ጠቁሮ ጥላ ብቻ ይታያል።

ግቢ ውስጥ የምትቀርጹ ከሆነ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ወይም ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ምረጡ። እኛ አገር እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትወጣ ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ይጥላል፤ ልጆቹም ዓይናቸውን ያጨናብሳሉ። በክረምት ደግሞ ጠዋቱ ይሻላል። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት ይመጣል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ምንም ንግግር አይሰማም። ደመናማ ቀን ግን አትናቁ። ደመና ብርሃኑን ያለሰልሰዋል፤ የሁሉም ፊት ያምራል።

የሌሊቱን ትዕይንት ሌሊት አትቅረጹ። ስልክ በጨለማ ምስሉን ያሻክረዋል፤ ልጆቹም እንቅልፋቸው ይመጣል። ቀን መጋረጃውን ግማሽ ዝጉ። ስክሪኑን ስትነኩ ብዙ ስልኮች ላይ ትንሽ የፀሐይ ምልክት ትመጣለች፤ እሷን ወደ ታች ስትጎትቱ ምስሉ ይጨልማል። በኋላ ኤዲት ስታደርጉ ትንሽ ሰማያዊ ቀለም ጨምሩበት። ጨረቃ የወጣች ይመስላል።

ካሜራው

ስልኩን አግድም ያዙት፤ በቴሌቪዥን ስታዩት ስክሪኑን ይሞላል። የኋላውን ካሜራ ተጠቀሙ፣ ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ይህቺን መጥረግ የሚረሳ ብዙ ሰው ነው፤ የልጅ ስልክ ሌንስ ላይ ሁልጊዜ የቅባት አሻራ አለ።

ጥራቱን 1080ፒ፣ በሰከንድ 30 ፍሬም ላይ አድርጉት። እንደ ስልኩ ዓይነት አንድ ደቂቃ ከ60 እስከ 130 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ለሦስት ደቂቃ ፊልም ግማሽ ሰዓት ያህል መቅረጻችሁ አይቀርም፤ ስለዚህ 4 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይኑር። ማታውኑ ቻርጅ አድርጉ፤ ጠዋት መብራት ሊጠፋ ይችላል። ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፤ አለበለዚያ ጅቦ ምራቁን ሲውጥ አክስት ትደውላለች።

የሚንቀጠቀጥ ምስል ሁሉን ያበላሻል። ስታንድ ከሌላችሁ አንድ ረጅም ካልሲ ውስጥ ምስር ሙሉና ጫፉን እሰሩት። ስልኩን በላዩ ላይ ስትጫኑት ቅርጹን ይዞ ይቆማል። ወንበር፣ መጽሐፍ ቁልል፣ የመስኮት ደፍ ላይ ሁሉ ይሆናል። ካሜራው ከፍታው በልጆቹ ዓይን ልክ ይሁን። አዋቂ ቆሞ ወደ ታች ሲቀርጽ ልጆቹ ያንሳሉ።

ተቀምጦ የሚያወራ ሁለት ሰው ስትቀርጹ በመካከላቸው መሬት ላይ ገመድ ዘርጉ። ካሜራው ከገመዱ በአንዱ ወገን ብቻ ይንቀሳቀስ። ተሻግራችሁ ከቀረጻችሁ ጅቦ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ሲያይ ከማን ጋር እንደሚያወራ ይጠፋል። ልጆች ገመዱን እንደ ጨዋታ ይወዱታል፤ የተሻገረውን ይከስሱታል።

ድምፅ

መጥፎ ምስል ይታገሡታል፤ የማይሰማ ድምፅን ግን ማንም አይታገሥም። ስልኩ ከተናጋሪው ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ አይራቅ። ለሩቁ ትዕይንት ሁለተኛ ስልክ ካለ ድምፅ መቅጃውን ከፍታችሁ መሶቡ ሥር ደብቁት። ያቺ መጀመሪያ ላይ የተጨበጨበችው ጭብጨባ ሁለቱን ለማገጣጠም የምትጠቅመው እዚህ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁላችሁም ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ፍሪጁ ይጮኻል? ንቀሉት፤ መልሳችሁ መሰካቱን እንዳትረሱ የመኪና ቁልፋችሁን ውስጡ አስቀምጡ። ክፍሉ ባዶ ሆኖ ድምፅ የሚያስተጋባ ከሆነ ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ ስቀሉ። በመጨረሻም ማንም ሳይናገር የክፍሉን ጸጥታ 30 ሰከንድ ቅረጹ። ኤዲት ሲደረግ በንግግሮች መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል።

ልጆቹ ከሁሉ የሚወዱት የሰው ሠራሽ ድምፁን ሥራ ነው። ሰፌድ ላይ ሩዝ ቀስ እያሉ ማንቀርቀብ ዝናብ ይሆናል። ቆርቆሮ ሲነቀነቅ ነጎድጓድ ነው። ፌስታል ሲጨማደድ እሳት ይንጣጣል። ለጅቦ ማኘክ ደግሞ አንድ ልጅ ስልኩ አጠገብ ሆኖ ቆሎ ይቆርጥም፣ ሌላው ጥሬ ካሮት ይስበር። ሁለቱ ሲደረቡ ያስፈራል። ለዚህ ሥራ ብቻ አንድ ሙሉ ሰዓት ብትሰጡ አታጡበትም።

የቀረጻው ቀን

በአንድ ጊዜ ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ሥሩ፤ ከዚያ ዕረፍት። ዳቦ፣ ሻይ፣ ትንሽ ሩጫ። የደከመ ልጅ አይተውንም። አራት ትዕይንት በቀን ጥሩ ነው።

ካሜራው ከጀመረ በኋላ ሦስት ሰከንድ ጠብቆ ነው ተዋናዩ የሚጀምረው። ሲጨርስም ሦስት ሰከንድ ባለበት ይቆይ። እነዚህ ትርፍ ሰከንዶች ከሌሉ ስትቆርጡ ቃል ይጎረድባችኋል። አንድን ትዕይንት ከሦስት ጊዜ በላይ አታስደግሙ። ሦስተኛው ላይ ካልሆነ ያለውን ይዛችሁ እለፉ። ልጁ የሳተው ቦታ ብዙ ጊዜ ከተሳካው ይበልጥ ያምራል።

ዳይሬክተሯ የሰጠችውን ትእዛዝ አዋቂው አይሻር። የማይዋጥላችሁ ነገር ቢኖር እንኳ ለብቻዋ ጠርታችሁ "እንዲህ ብናደርግስ ምን ይመስልሻል?" በሏት። እምቢ ካለች እምቢ ነው። ከዚህ ውጪ የሚሆነው አደጋ ሲኖር ብቻ ነው፤ እውነተኛ እሳት፣ ጣሪያ መውጣት፣ መኪና የሚያልፍበት መንገድ አይፈቀድም።

ቁርበቱን የሚበላው ዘዴ

ሰባተኛው ትዕይንት የፊልሙ ልብ ነው። ቁርበቱ ዓይናችን እያየ ያልቃል። ዘዴውን ታዋቂ ያደረገው ፈረንሳዊው ምትሃተኛ ጆርጅ ሜሊየስ ነው። ሜሊየስ ራሱ እንደተረከው፣ አንድ ቀን ፓሪስ አደባባይ ላይ ሲቀርጽ ካሜራው ለአፍታ ተቀረቀረበት። አስተካክሎ ቀጠለ። ፊልሙን ሲያየው ሰው የጫነ ጋሪ በድንገት የሬሳ ጋሪ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1896 በዚሁ ዘዴ አንዲትን ሴት ከወንበር ላይ ሰወራት።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ስልኩን ምስሩ ላይ አጽኑት፤ ከዚህ በኋላ ማንም አይንካው። የትኩረቱና የብርሃኑ መጠን እንዳይቀያየር ስክሪኑን ረዘም አድርጋችሁ ተጫኑት፤ ብዙ ስልክ ይቆልፈዋል። ጅቦ ቁርበቱ ላይ ይተኛ። አምስት ሰከንድ ቅረጹ። ዳይሬክተሯ "ባለህበት!" ትበል። ጅቦ ትንፋሹን ሳይቀር ይያዝ። ቀረጻውን ሳታቋርጡ አንድ ልጅ ገብቶ ከቁርበቱ አንድ እግር በመቀስ ቆርጦ ይውጣ። "ቀጥል!" ሌላ ሦስት ሰከንድ። እንደገና "ባለህበት!"። አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግሙት። ኤዲት ሲደረግ ልጁ የገባበትን ክፍል ሁሉ ቆርጣችሁ ስታወጡ ቁርበቱ በራሱ ይሸራረፋል። የማኘኩን ድምፅ በላዩ አድርጉ። መቀሱን የሚይዘው ከፍ ያለ ልጅ ይሁን፤ ጅቦም ዓይኑን ይጨፍን።

ይህንን ትዕይንት ሲያዩት ልጆቹ ይጮኻሉ። እንዴት እንደተሠራ እያወቁ ይጮኻሉ።

ኤዲቲንግ

ካፕከት ወይም ኢንሾት የሚባሉት የቪዲዮ መቁረጫ አፖች በስልክ ላይ ይበቃሉ። አይፎን ያለው አይሙቪን በነፃ ያገኛል። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ በአንድ ከሰዓት ይለምደዋል፤ ከእኛ የበለጠ የሚፈጥኑ አሉ።

መጀመሪያ ሁሉንም ተመልከቱና ከየትዕይንቱ አንድ ብቻ ምረጡ። በቅደም ተከተል ደርድሩ። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ትርፍ ሰከንድ ቁረጡ። ከዚያ አንዴ እስከ መጨረሻው እዩትና የሚያሰለቸውን ቦታ ቀንሱ። የሚዞር፣ የሚበተን፣ የሚያንጸባርቅ ማሸጋገሪያ አፑ ውስጥ ሞልቷል። ልጆቹ ሁሉንም መሞከር ይፈልጋሉ። ይሞክሩ፤ ከዚያ አንድ ብቻ እንዲያስቀሩ ጠይቋቸው።

ለርዕሱ የአፑን ፊደል አትጠቀሙ። አንዳንዱ ግዕዝ ፊደል ሲያይ ባዶ ሣጥን ይደረድራል፤ የሚሠራውም ቢሆን ደረቅ ነው። ልጆቹ ርዕሱን ወረቀት ላይ በቀለም ይጻፉትና ቅረጹት። የ"ጅ" ቅጥያ ዘንበል ቢል እንኳ እንዳለ ይቅር። መጨረሻ ላይም የሁሉም ስም ይጻፍ። ሻይ ያፈላው፣ ቆሎ የቆረጠመውም አይቅር። ለውጭ ሰው የምታሳዩት ከሆነ የአባት ስም አያስፈልግም።

ሙዚቃውን ራሳቸው ይሥሩት። የታወቀ ዘፈን ከጨመራችሁ ዩቲዩብ ላይ ስትጭኑ ድምፁ ሊዘጋ ይችላል። ባዶ ጀሪካን ጥሩ ከበሮ ነው። ጭብጨባና እስክስታ ያለበት ቤት ሙዚቃ አያጣም።

ትንንሾቹስ?

ከስድስት ዓመት በታች ያሉ በትዕይንት መካከል ሄደው ውኃ ይጠጣሉ። ለእነሱ በፎቶ የሚሠራ ፊልም ይሻላል። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የሚሆነው ለዚህ ነው። ከጭቃ ወይም ከሊጥ አንበሳ ይሥሩ። ስልኩ ፈጽሞ እንዳይነቃነቅ አድርጉ። የክር ጫፍ አንድ ጣት ያህል ታስጠጋላችሁ፣ አንድ ፎቶ፤ እንደገና ታስጠጋላችሁ፣ አንድ ፎቶ። ክሩ አንበሳውን ዞሮ ዞሮ እስኪያስረው ድረስ።

በሰከንድ 12 ፎቶ ጥሩ እንቅስቃሴ ይሰጣል። ለልጆች ግን 8 ይበቃል። አሥር ሰከንድ ፊልም 80 ፎቶ ነው ማለት ነው፤ አንድ ከሰዓት ይወስዳል። ስቶፕ ሞሽን ስቱዲዮ የሚባለው አፕ ያለፈውን ፎቶ ደብዘዝ አድርጎ ስለሚያሳይ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ማየት ይቻላል። በመስኮት ብርሃን አትሥሩት። ደመና ባለፈ ቁጥር ፊልሙ ብልጭ ድርግም ይላል። መጋረጃ ዘግታችሁ አምፖል አብሩ።

ማሳየትና ማስቀመጥ

ፊልሙን በፍላሽ ገልብጣችሁ ቴሌቪዥን ላይ ሰኩት፤ አብዛኛው ቴሌቪዥን ኤምፒ4 ያነባል። ልጆቹ ትኬት ይሥሩ፣ በር ላይ ይቁሙ፣ ወንበር ያሳዩ። ቡና ይፈላ፣ ፈንዲሻ ይቅረብ። አያትም ይጠሩ። ሲያልቅ ተዋናዮቹ ተነሥተው እጅ ይንሡ፤ ዳይሬክተሯ ጥያቄ ትቀበል። ይህንን ክፍል አቃልላችሁ አትለፉት። ልጅ የሠራውን ሰው ቁጭ ብሎ ሲያይለት ነው ሥራ መሆኑን የሚያምነው።

ሩቅ ላሉ ዘመዶች በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለበለዚያ ጥራቱ ይወርዳል። ቲክቶክ ላይ ከመጫን ግን ተቆጠቡ። የልጅ ፊት፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ የቤት ቁጥር የማያውቁት ሰው እጅ መግባት የለበትም። ልጁ ራሱም በኋላ አድጎ ሊያፍርበት ይችላል። "ልላክ?" ብላችሁ ጠይቁት፤ አይሆንም ካለም ስሙት።

ያለቀውን ፊልም ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ከስልክ ውጪ ይሁን። ስሙን ከነዓመተ ምሕረቱ ጻፉበት። የተጣሉትን ቁርጥራጮች ቶሎ አትሰርዙ። ጅቦ ሳቁ መጥቶበት ቁርበቱ ላይ የተንከባለለበት፣ ትንሹ ልጅ "ከት" ሳይባል "አባዬ፣ ሽንቴ መጣ" ያለበት ሁሉ ተሰብስቦ ሌላ የሁለት ደቂቃ ፊልም ይሆናል።

ለሚቀጥለው ጊዜ ሥራውን አቀያይሩ። ካሜራ የያዘው ይተውን፣ ጅቦ የነበረችው ዳይሬክት ታድርግ፣ ያጨበጨበው ትንሹ ልጅ የመጀመሪያውን ምሳሌ ይምረጥ።